ሶብር ዝምታ አይደለም፦ ልዩ ድጋፍ የሚሹ ልጆቻችን በመንግሥት ትምህርት ቤት ያላቸው ሐቅ

 

በጎንደር ከተማ በአዲስ ዓለምም ሆነ በሌላው ሰፈር፣ ወደ ላይ ወጥተንም በዳባትና በደባርቅ በኩል ባሉት ደጋማ ወረዳዎች፣ የትምህርት ምዝገባ ሲደርስ ከቤት የማይወጡ ልጆች አሉ። ለታላላቆቻቸውና ለታናናሾቻቸው ደብተር ሲገዛ ለእነሱ አይገዛም። አንዱ አይሰማም፤ አንዷ አታይም፤ ሌላው መራመድ አይችልም፤ ሌላው ደግሞ የተነገረውን እንደ እኩዮቹ ቶሎ አይዝም። ወላጆቻቸው ክፉ ሰዎች አይደሉም። ያበሏቸዋል፣ ያለብሷቸዋል፣ ሌሊት ተነሥተው ዱዓ ያደርጉላቸዋል። ስለ ትምህርታቸው ሲጠየቁ ግን ብዙዎቹ የሚሰጡት መልስ አንድ ነው፦ «የአላህ ቀደር ነው፤ ምን እናደርጋለን? ሶብር ነው እንጂ።»

ይህ ጽሑፍ የሚነሣው ከዚህ መልስ ነው። በቀደር ማመን ከኢማን ማዕዘናት አንዱ ነው፤ ሶብርም ታላቅ አጅር ያለው ሥራ ነው። ግን ሶብር ማለት ዝም ብሎ መቀመጥ ነውን? የልጅን ሐቅ አለመጠየቅስ ከሶብር ይቆጠራልን? የታመመ ልጃችንን «ቀደር ነው» ብለን ሐኪም ቤት ሳንወስደው አንቀርም። የጠፋ በሬያችንንም «ቀደር ነው» ብለን ሳንፈልገው አናድርም። እንግዲህ ሰበብ ማድረግ ለበሬው ከተገባ ለልጁ እንዴት ሳይገባ ይቀራል? ልጅ አማና ነው፤ የልጁ ሐቅ ሲጓደል መጠየቅም ከአማናው አንዱ ክፍል ነው። በመንግሥት ትምህርት ቤት ለአካል ጉዳተኛ ልጅ የሚደረገው ድጋፍ ደግሞ ሰደቃ ሳይሆን ሐቅ ነው። ከዚህ በታች የምናየው ይህንኑ ነው።

ጎህ መቅደዱን የሚነግሩት ሙአዚን

የዐብደላህ ኢብኑ ኡሙ መክቱምን (ረ.ዐ.) ታሪክ የማያውቅ ሙስሊም ጥቂት ነው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ለቁረይሽ ታላላቅ ሰዎች ዳዕዋ በሚያደርጉበት ሰዓት ይህ ዓይነ ስውር ሶሐባ መጥቶ እንዲያስተምሩት ጠየቀ። ነቢዩም ፊታቸውን ከእሱ ዞር በማድረጋቸው ሱረቱ ዐበሰ ወረደች። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ሰውየው የመጣው ምጽዋት ፈልጎ አልነበረም። ሊማር ነበር የመጣው። ከሰባት ሰማያት በላይ መልስ ያገኘው ጥያቄ የአንድ ዓይነ ስውር የመማር ጥያቄ ነበር ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ደግሞ ለዛሬው ርዕሳችን ይበልጥ ይቀርባል። ኢብኑ ኡሙ መክቱም ከቢላል (ረ.ዐ.) ጋር የመዲና ሙአዚን ሆነ። በረመዷን ቢላል ገና ሌሊት ሳለ ሲያዝን፣ የጎሁን አዛን የሚያሰማው እሱ ነበር። ዓይነ ስውር ሰው ጎህ መቅደዱን እንዴት ያውቃል? ሐዲሱ መልሱን ይሰጠናል፤ ሰዎች እየመጡ መንጋቱን ይነግሩት ነበር። «አታይምና ይህ ሥራ ላንተ አይሆንም» ብሎ የከለከለው አልነበረም። ሥራው የሱ ሆኖ ቀረ፤ የጎደለውን ግን ሌሎች ሞሉለት። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ለዘመቻ ሲወጡም መዲናን በአደራ ትተውለት የሄዱበት ጊዜ ብዙ ነው።

ልዩ ፍላጎት ትምህርት የሚባለው ነገር ፍሬው ይኸው ነው። ልጁ ከእኩዮቹ ጋር እንዲማር ይደረጋል፤ የሚጎድለው ነገር ይሞላለታል። ለማያየው ብሬል፣ ለማይሰማው የምልክት ቋንቋ፣ መራመድ ለማይችለው በዊልቸር የሚገባበት በር፣ ቀስ ብሎ ለሚገባው ደግሞ ቀስ ብሎ የሚያስተምር መምህር ይቀርብለታል። ይህ ከውጭ የመጣ አዲስ ፈሊጥ እንዳይመስለን። የመዲና ሰዎች ለሙአዚናቸው አድርገውታል።

በመካ ደግሞ ዐጧእ ኢብኑ አቢ ረባሕ ነበሩ። ቆዳቸው ጥቁር ነው፤ ያነክሳሉ፤ አንድ እጃቸው ሽባ ነው፤ በስተመጨረሻም ዓይናቸው ጠፍቷል። ሆኖም በዘመናቸው የመካ ታላቁ ሙፍቲ እሳቸው ነበሩ፤ በሐጅ ወቅት ሕዝቡ ፈትዋ የሚጠይቀው እሳቸውን ነበር። በእኛው ዘመን እንኳ ሸይኽ ዐብዱልዐዚዝ ኢብኑ ባዝ ገና በወጣትነታቸው የዓይናቸውን ብርሃን ቢያጡም የሳዑዲ ዐረቢያ ዋና ሙፍቲ ለመሆን በቅተዋል። እነዚህን ሰዎች ያገኘነው ልጅነታቸው በጓዳ ተዘግቶ ስላልቀረ ነው።

ተከራካሪዋ እናት

«እሺ መማሩ ይሁን፤ ግን ከባለሥልጣን ጋር መከራከር ለእኛ ይሆናልን?» የሚል ይኖራል። ለዚህ መልሱ ሃምሳ ስምንተኛው የቁርኣን ምዕራፍ ነው፤ ስሙም ራሱ «ተከራካሪዋ» ማለት ነው። ኸውላ ቢንት ሠዕለባ (ረ.ዐ.) ባሏ በጃሂልያ ልማድ እንደ እናቱ ጀርባ አድርጓት በተዋት ጊዜ ወደ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ሄደች። ጉዳይዋን አቀረበች። መጀመሪያ የሰማችው መልስ የምትፈልገው አልነበረም፤ ተመልሳ ግን አልሄደችም። ደጋግማ አስረዳች። እንደሚተረከውም ሕፃናት ልጆቿን አንሥታ፣ ለባሏ ብትተዋቸው እንደሚባክኑ፣ ከእሷ ጋር ቢሆኑ እንደሚራቡ ተናገረች። ስሞታዋን ወደ አላህ አሰማች፤ እግሯን ግን ከመሪው ደጅ አላነሣችም። አላህም ሰማት፤ ፍርዱም ወረደ፤ እስከ ቂያማ ድረስ ሕግ ሆኖ ቀረ።

ከዓመታት በኋላ ዑመር (ረ.ዐ.) ኸሊፋ ሆነው በመንገድ ሲያልፉ ይህችው ሴት፣ አርጅታ፣ አስቁማ ረዘም ላለ ጊዜ መከረቻቸው። አብረዋቸው የነበሩት «ለአንዲት አሮጊት ይህን ያህል መቆም?» ብለው ሲገረሙ፣ አላህ የሰማትን ሴት ዑመር እንዴት አይሰማም ሲሉ መለሱላቸው።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ትምህርት እንወስዳለን። አንደኛ፣ ዱዓና አቤቱታ አይጋጩም። ኸውላ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ አድርጋለች። ሁለተኛ፣ ስለ ልጆቹ ለመናገር የሚነሣ ወላጅ ነውረኛ አይደለም፤ የሚነወረው አቤቱታ ቀርቦለት የማይሰማ ሹም ነው። በኢስላም ታሪክም የአካል ጉዳተኛው ጉዳይ ለለማኝነት የተተወ አልነበረም። የኡመያው ኸሊፋ ወሊድ ኢብኑ ዐብዱልመሊክ አካል ጉዳተኞች በልመና እንዳይኖሩ ለዓይነ ስውሩ መሪ፣ መራመድ ለማይችለውም አገልጋይ በመንግሥት ወጪ እንደመደቡላቸው የታሪክ ጸሐፊዎች ይተርካሉ። ከሕዝብ ካዝና የተመደበ ነገር ደግሞ የሚጠየቅ እንጂ የሚለመን አይደለም።

የአገሩ ሕግ ምን ይላል?

መብቱን የማያውቅ ሰው «እባካችሁ» ይላል፤ የሚያውቅ ሰው «በዚህ አንቀጽ መሠረት» ይላል። ስለዚህ ወላጅ ሊይዛቸው የሚገቡትን ባጭሩ እንዘርዝር።

በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 25 ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል መሆናቸውን ይደነግጋል። በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችንና የአእምሮ ጉዳት ያለባቸውን ለመርዳት ሀብት እንዲመድብ ያዝዛል። በአንቀጽ 30 አቤቱታ የማቅረብ መብትን ይሰጣል። በአንቀጽ 9 ንዑስ አንቀጽ 4 ደግሞ ኢትዮጵያ ያጸደቀቻቸው ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል መሆናቸውን ይናገራል። ይህ የመጨረሻው ትልቅ ነገር ነው። ምክንያቱም ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት በ2002 በአዋጅ ቁጥር 676 አጽድቃለች። የስምምነቱ አንቀጽ 24 ማንም ልጅ በአካል ጉዳቱ ምክንያት ከትምህርት ውጭ እንዳይደረግና የሚያስፈልገው ድጋፍ እንዲሰጠው ያስገድዳል።

በ1986 የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ልዩ ፍላጎት ላላቸው ትምህርት እንደሚሰጥ አስቀምጦ ነበር። በዚያው ዓመት በስፔን ሳላማንካ ከተማ የተሰበሰቡ አገሮች፣ መደበኛ ትምህርት ቤቶች በራቸውን ለሁሉም ልጆች እንዲከፍቱ የሚጠይቀውን መግለጫ አወጡ። ትምህርት ሚኒስቴር በ1998 የልዩ ፍላጎት ትምህርት ስትራቴጂ አወጣ፤ በ2004ም አሻሽሎ የአካቶ ትምህርትን መንገድ አስቀመጠ። የ2001 የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624ም የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች ምቹ እንዲሆኑ ጠይቋል። ስለዚህ ርዕሰ መምህሩ «እኛ ጋ እንዲህ ዓይነት ልጅ አንቀበልም» ሲል የሚናገረው የአገሩን ሕግ አይደለም፤ የራሱን ልማድ ነው።

ለእኛ ለሙስሊሞች አንድ ተጨማሪ አንቀጽ አለ። በአገራችን ቀደም ሲል የተከፈቱት የዓይነ ስውራንና የመስማት የተሳናቸው ትምህርት ቤቶች በርካቶቹ የክርስቲያን ሚሲዮኖች ሥራ ነበሩ። እነዚያ ሰዎች ማንም ባልሠራበት ጊዜ መሥራታቸው ሊመሰገን ይገባል። ሙስሊሙ ወላጅ ግን ልጁን ለመላክ ሲያመነታ ኖሯል፤ ልጁም በሁለት ስጋት መካከል ቤት ቀርቷል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 90 ንዑስ አንቀጽ 2 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ ሆኖ እንዲሰጥ ያዝዛል። ይህ የሚሠራው በመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። እንግዲያው ድጋፉ በመንግሥት ትምህርት ቤት ውስጥ እንዲሰጥ መጠየቅ፣ ለልጃችን ትምህርቱንም እምነቱንም አንድ ላይ መጠበቅ ነው።

በመጀመሪያ ልጁን ማወቅ

ከመጠየቅ በፊት የምንጠይቀውን ማወቅ ይቀድማል። «ሰነፍ ነው»፣ «ጅን ነክቶታል»፣ «ደንዛዛ ነው» የሚባሉ ልጆች ሁሉ ችግራቸው አንድ አይደለም። ጥቁር ሰሌዳውን ለማየት ዓይኑን የሚያጨናብስ ልጅ ምናልባት የሚያስፈልገው መነጽር ብቻ ይሆናል። የአማራ ክልል የዓይን ማዝ (ትራኮማ) በዓለም ላይ አብዝቶ ከሚገኝባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው፤ በጊዜ ካልታከመ ዓይን ያጠፋል። ጆሮው በየጊዜው መግል የሚያመነጭ ልጅ ቀስ በቀስ መስማት ይቀንሳል፤ መምህሩ ግን ሲጠራው ዝም ስላለ «ባለጌ» ይለዋል። ማጅራት ገትር ይዞት የዳነ ልጅም መስማት ተስኖት ሊቀር ይችላል።

ስለዚህ የመጀመሪያው እርምጃ ምርመራ ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የዓይን ሕክምና ክፍል ከከተማው አልፎ ከሩቅ ለሚመጡት ጭምር ያገለግላል። ከምርመራው በኋላ ውጤቱን በወረቀት መቀበል አይዘንጋ፤ የሐኪም ማስረጃ ለትምህርት ቤቱ የሚቀርበው ማመልከቻ ጉልበት ነው። ቁርኣን ማስቀራትና ሩቅያ ማድረግ የሚፈልግ ያድርግ፤ ሕክምናውን ግን አይከለክልም።

በተለይ መስማት የተሳነው ልጅ ጊዜ አይሰጥም። ቋንቋ የሚያዘው በሕፃንነት ነው። ልጁ ድምፅ ካልሰማ የምልክት ቋንቋ ማየት አለበት። ይህም ካልሆነ እስከ አሥርና አሥራ ሁለት ዓመቱ አንድም ቋንቋ ሳይኖረው ያድጋል፤ ሰላቱን እንኳ የሚሰግደው የሌላውን አጎንብሶ መነሣት እያየ እንጂ ምን እንደሚያደርግ ማንም ነግሮት አይደለም። እንዲህ ያለ ልጅ ሲያድግ «አይገባውም» ይባላል። የሚገባው ነገር በሚገባው መንገድ አልቀረበለትም እንጂ።

በጎንደርና በደጋው ያለው ሁኔታ

በከተማውና በገጠሩ ያለው ችግር አንድ ዓይነት አይደለም። በአገራችን ከተሞች የተለመደው አሠራር በአንዳንድ መደበኛ ትምህርት ቤቶች ውስጥ «ልዩ ክፍል» መክፈት ነው። መስማት የተሳናቸው ወይም የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸው ልጆች የመጀመሪያዎቹን ዓመታት እዚያ ይማሩና ከዚያ ወደ መደበኛው ክፍል ይዛወራሉ። ችግሩ የሚፈጠረው ሲዛወሩ ነው። ልዩ ክፍል ውስጥ በምልክት ቋንቋ ሲማር የቆየ ልጅ፣ ምልክት በማያውቅ መምህርና ስድሳ ተማሪ ባለበት ክፍል ውስጥ ያለ አስተርጓሚ ሲገባ በአካል ክፍል ውስጥ፣ በትምህርት ግን ውጭ ነው። ወላጁም ልጄ ገባልኝ ብሎ ሲያርፍ ልጁ ከሁለት ዓመት በኋላ ያቋርጣል። ስለዚህ መመዝገቡን ብቻ ሳይሆን፣ ከተዛወረ በኋላ ማን ያስተረጉምለታል ብለን አስቀድመን እንጠይቅ።

ወደ ደጋው ስንወጣ ነገሩ ይከብዳል። የቀድሞው ሰሜን ጎንደር ዞን በሦስት ከተከፈለ ወዲህ የሰሜን ጎንደር ዋና ከተማ ደባርቅ ነው፤ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ከደባርቅ ወዲያ ወደ ጃናሞራና ወደ በየዳ ያለውን ገደልና አቀበት የሚያውቅ ያውቀዋል። ጤነኛ ልጅ በእግሩ ለመድረስ የሚቸገርበትን ትምህርት ቤት የሚያነክስ ልጅ በምን ይደርስበታል? ዓይነ ስውሯን ልጅ ማን እየመራ ያደርሳታል? ብዙ ወላጅ መንገድ ላይ ይደርስባታል ብሎ የሚፈራውም ስላለ፣ ሴት ልጅ ከሆነች በሩ በሁለት ቁልፍ ይዘጋባታል። ዘመድ ካለ ልጁ ወደ ጎንደር ይላካል፤ ዘመድ ከሌለ ይቀራል።

በዚህ ላይ የጦርነቱ ዘመን ተጨምሯል። ከ2013 እስከ 2015 በነበረው የሰሜኑ ጦርነት ውጊያው እስከ ዳባትና ደባርቅ አካባቢ ደርሶ ነበር። ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ በተከሰተው ግጭትም ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፣ ተጎድተዋል። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሁሉም ልጅ ይጎዳል። ሲከፈት ግን መጨረሻ የሚመለሰው፣ አንዳንዴም ጭራሹን የማይመለሰው አካል ጉዳተኛው ልጅ ነው። ትምህርት ቤቶች በሚጠገኑበትና ተማሪ እንደገና በሚመዘገብበት ጊዜ ሁሉ የወላጅ ድምፅ መሰማት አለበት። ደረጃ ከተሠራ በኋላ ከማፍረስ ሲሠራ የዊልቸር መወጣጫ ማስጨመር ይቀላል።

ተስፋ የሚሰጥም ነገር አለ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ማኅበረሰብ አቀፍ የተሃድሶ ፕሮግራም ሲያካሂድ ቆይቷል፤ ባለሙያዎች ቤት ለቤት እየሄዱ የተደበቁ ልጆችን ፈልገው፣ ወላጅን አስተምረው ከሕክምናና ከትምህርት ቤት የሚያገናኙበት ሥራ ነው። ዩኒቨርሲቲው በአገሪቱ የመጀመሪያውን የኦኩፔሽናል ቴራፒ ትምህርትም ከፍቷል። ይህ ሙያ አካል ጉዳተኛው የዕለት ሥራውን፣ መብላትና መልበሱን፣ እርሳስ መያዙን ራሱ እንዲችል የሚያሠለጥን ነው። ባለሙያው በደጃችን እያለ አለመጠየቅ የእኛው ጉድለት ይሆናል።

ወላጆች ያመጡት ለውጥ

በዓለም ላይ ይህ መብት በችሮታ የመጣበት አገር ፈልገን ብዙ አናገኝም። በአሜሪካ እንኳ፣ ያን ያህል ሀብት እያለ፣ እስከ እ.ኤ.አ. 1970ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ከአንድ ሚሊዮን በላይ አካል ጉዳተኛ ልጆች ከመንግሥት ትምህርት ቤት ውጭ ነበሩ። በፔንሲልቬንያ ግዛት የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸው ልጆች ወላጆች የመሠረቱት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1971 ግዛቱን ፍርድ ቤት አቆመ። በዓመቱም ግዛቱ ልጆቹን ለማስተማር ተስማማ። እ.ኤ.አ. በ1975 ደግሞ ለአገሩ ሁሉ የሚሠራ ሕግ ወጣ። ያ ሕግ እያንዳንዱ ልጅ በስሙ የተጻፈ የትምህርት ዕቅድ እንዲኖረውና ወላጁ ዕቅዱ ሲወጣ እንዲገኝ ያዛል። መነሻው «ልጄ የት ይማር?» ያሉ እናቶችና አባቶች ነበሩ።

ወደ አገራችን ስንመለስም ይኸው ነው። የኦቲዝም ጉዳይ በአዲስ አበባ አደባባይ የወጣው ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ኦቲዝም ላለበት ልጃቸው የሚሆን ትምህርት ቤት በማጣታቸው፣ እ.ኤ.አ. በ2002 ኒያ ፋውንዴሽንን አቋቁመው የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን በከፈቱ ጊዜ ነው። ከዚያ በፊት ስሙ እንኳ አይታወቅም ነበር። የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ላለባቸው ልጆች የሚሟገተውን ብሔራዊ ማኅበርም የመሠረቱት ወላጆች ናቸው። ልብ እንበል፤ እነዚህ ሰዎች ሲጀምሩ ሥልጣን አልያዙም። የያዙት ልጅ ነበር።

እንዴት እንጠይቅ?

አንደኛ፣ ብቻችንን አንሂድ። በአንድ ሰፈር ወይም በአንድ ትምህርት ቤት ዙሪያ ያሉ የእንዲህ ዓይነት ልጆች ወላጆች፣ ሦስትም ይሁኑ አምስት፣ ይሰባሰቡ። በዚህ ጉዳይ ሙስሊምና ክርስቲያን የሚባል ነገር የለም። የጎረቤታችን ክርስቲያን እናት ልጅ ቢሰማው የእኛም ይሰማዋል፤ ለእሱ የተሠራ መወጣጫ ለእኛም ልጅ ነው። አንድ ወላጅ ሲጠይቅ «ችግረኛ» ይባላል፤ አምስት ወላጆች ሲጠይቁ «የኅብረተሰቡ ጥያቄ» ይባላል።

ሁለተኛ፣ በቃል ብቻ አንጠይቅ፤ በጽሑፍ እንጠይቅ። ማመልከቻው አጭር ይሁን። የልጁ ዕድሜ፣ የጉዳቱ ዓይነት፣ የሐኪም ማስረጃው፣ የሚፈለገው ድጋፍ፣ ጥያቄው የተመሠረተበት ሕግ ይጻፍ። መዝገብ ቤት ገቢ አስደርገን ቁጥርና ቀን እናስጽፍ፤ አንድ ግልባጭ እኛ ዘንድ ይቅር። መልሱንም በጽሑፍ እንዲሰጡን እንጠይቅ። ቢሮ ውስጥ በቃል «የለም» ማለት ይቀላል፤ በማኅተም «የለም» ብሎ መጻፍ ግን ለማንም ይከብዳል።

ሦስተኛ፣ ነገሩን በዝርዝር እንጠይቅ። «እርዱን» ማለት መልስ የለውም። «ለዚህ ልጅ ብሬል ወረቀትና መጻፊያ፣ የፈተና ጊዜም አንባቢና ተጨማሪ ሰዓት ይሰጠው» ማለት ግን አዎ ወይም አይደለም የሚያሰኝ ጥያቄ ነው። ለልጁ በስሙ የሚዘጋጅ የግል ትምህርት ዕቅድ እንዲኖረው፣ በየሰሚስተሩም ወላጁ ተጠርቶ እንዲገመገም እንጠይቅ።

አራተኛ፣ የትምህርት ቤቱን የወላጅ፣ ተማሪና መምህራን ኅብረት እንግባበት። የትምህርት ቤቱ የድጎማ ገንዘብ ለምን ይዋል የሚለው ውይይት የሚደረገው እዚያ ነው። ሙስሊሙ ወላጅ ለስብሰባ ሲጠራ ሱቁን ዘግቶ ለመሄድ ይሰንፋል፤ ከዚያ በኋላ የእኛ ነገር ተረሳ እንላለን። ያልተገኘ ሰው ቢረሳ ምን ይገርማል?

አምስተኛ፣ በደረጃው እንውጣ። ከርዕሰ መምህሩ ወደ ወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ወይም ወደ ከተማው ትምህርት መምሪያ፣ ከዚያም በባሕር ዳር ወዳለው የክልሉ ትምህርት ቢሮ መሄድ ይቻላል። መልስ ከታጣ በ1992 በአዋጅ ለተቋቋሙት ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋምና ለሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን አቤት ማለት ይቻላል። ደረጃ መዝለል ግን «ለምን ቀድማችሁ እኛን አልጠየቃችሁም?» የሚል ሰበብ ይሰጣል።

ስድስተኛ፣ አደብ አይለየን። መምህሩ ጠላታችን አይደለም። አብዛኛው መምህር ስድሳ ልጅ ይዞ፣ ስለ ልዩ ፍላጎት በወጉ ሳይሠለጥን የሚሠራ ሰው ነው። ከእሱ ጋር ስንነጋገር ልጃችን በምን እንደሚረጋጋ፣ በምን እንደሚቆጣ፣ የትኛው ጆሮው እንደሚሻል እንንገረው። ክርክራችን ሥርዓቱን ለማስተካከል እንጂ ሰውን ለማዋረድ አይደለም።

«ገንዘብ የለም» ለሚሉን

ከሁሉ በላይ የሚሰማው መልስ «በጀት የለም» የሚለው ነው። እውነት አለው፤ አገሩ ድሃ ነው፤ ሕገ መንግሥቱም ራሱ «አቅም በፈቀደ» ይላል። ነገር ግን ብዙው ድጋፍ ገንዘብ አይጠይቅም። መራመድ የሚቸገረው ልጅ የሚማርበትን ክፍል ከላይ ወደ ምድር ቤት ማውረድ ምን ያስወጣል? ዓይኑ የሚደክመውን ልጅ ፊት ወንበር ማስቀመጥ፣ በሰሌዳ ላይ በትልቁ መጻፍ፣ ለማይሰማው ልጅ ፊትን አዙሮ እያዩ መናገር ከየትኛው በጀት ይቀነሳል? በነፃ ከሚሆነው እንጀምር። እሱን ያደረገ ትምህርት ቤት ገንዘብ የሚጠይቀውን ለማሟላትም ይነሣል፤ እሱን ያላደረገ ግን የጎደለው ገንዘብ አልነበረም።

አንዳንድ ወላጆች ደግሞ «የእናንተ ልጅ የኛን ትምህርት ያጓትታል» ይላሉ። ይህን የሚል ሰው ልጁ ትምህርት ቤት የሚሄደው ሒሳብ ሊማር ብቻ እንደሆነ ያስባል ማለት ነው። ጓደኛውን በዊልቸር እየገፋ ያደገ ልጅ ሰው መሆንንም ይማራል። ደግሞስ የራሱ ልጅ ነገ በአደጋ ወይም በሕመም ምን እንደሚገጥመው ማን ያውቃል? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ግምት ከዓለም ሕዝብ 16 በመቶው፣ ማለትም 1.3 ቢሊዮን ያህል ሰው አካል ጉዳት አለበት። ይህ ከስድስት ሰው አንዱ ነው፤ የሌሎች ሰዎች ጉዳይ ነው ተብሎ የሚታለፍ አይደለም።

ጀማዓችንስ?

መንግሥትን የምንጠይቅ ከሆነ ራሳችንንም እንጠይቅ። መስጊዶቻችን በዊልቸር ይገባባቸዋልን? የጁምዓ ኹጥባችን መስማት ለተሳነው ወጣት በምልክት ይተረጎምለታልን? መድረሳችን ለመቅራት ቀስ የሚለውን ልጅ በአለንጋ ያባርራል ወይስ በትዕግሥት ይይዛል? ቁርኣንን በቃል መያዝ ዓይን አይጠይቅም፤ በአገራችን ዓይነ ስውር ሐፊዞችና ዑለማዎች ነበሩ፣ አሉም። መድረሳ ዓይነ ስውሩን ተቀብሎ ሐፊዝ ካደረገ ያው ልጅ በመንግሥት ትምህርት ቤት ለመማር አይችልም የሚለን ማነው?

ዘካና ሰደቃ የሚሰጡ ነጋዴዎቻችንም ያስቡበት። ከደጋው ወደ ጎንደር ለመጣ ዓይነ ስውር ተማሪ የአንድ ዓመት የቤት ኪራይ መክፈል፣ ሐኪም ቤት ለሚሄድ ልጅ የመኪና መሳፈሪያ መስጠት፣ ለአንድ ልጅ መነጽር መግዛት በብዙ ነገር ከምናባክነው ገንዘብ ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው። ይህ ግን የመንግሥትን ግዴታ አይተካም። ሰደቃችን ልጁን እስከ ትምህርት ቤቱ በር ያደርሰዋል። በሩን መክፈት ግን የትምህርት ቤቱ ግዴታ ነው።

ዑለማዎቻችንና ኡስታዞቻችን ደግሞ አንድ ነገር ይርዱን። በየኹጥባው ስለ ወላጅ ሐቅ ስንሰማ እንውላለን፤ ይህም ይገባል። ልጅም በወላጁ ላይ ሐቅ እንዳለው፣ ያ ሐቅ በጤነኛው ልጅ ብቻ እንደማይወሰን ይንገሩልን። እንግዳ ሲመጣ ልጁን ጓዳ የምታስገባ እናት ከኢማም አንደበት «አውጪው፤ ይማር» የሚል ቃል ብትሰማ፣ ከመቶ የመንግሥት መመሪያ ይበልጥ ይሠራል።

ውድ ወላጆች! ሶብር ማለት መንገዱ ሲረዝም አለመሰልቸት ነው። ማመልከቻው ሳይመለስ ሲቀር ሁለተኛውን መጻፍ፣ «ነገ ና» ሲባሉ ነገም መሄድ፣ በዚህ ሁሉ ውስጥ ምላስን ከስድብ፣ ልብን ከተስፋ መቁረጥ መጠበቅ ሶብር ነው። ልጁን ጓዳ አስቀምጦ ዝም ማለት ግን ነገ በአላህ ፊት «አማናዬን ምን አደረግኸው?» ሲባል መልስ የሚሆን አይመስለንም። መጪው ምዝገባ ሳያልፍ የልጃችሁን እጅ ይዛችሁ ውጡ፤ የጎረቤታችሁንም ቀስቅሱ።

አላህ (ሱ.ወ.) ልጆቻችንን በዒልም ያክብርልን፣ አማናችንን ከሚወጡት ያድርገን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።